ተገልብጦ የተለበሰ ቬሎ

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የጥርስ ሐኪሙን ስትረግሙ የሰነበታችሁ ሁሉ፣ እርግማኑን ለጊዜው ያዝ አድርጉት። ወይ አብዝታችኋል፣ ወይ አሳንሳችኋል፤ የቱ እንደሆነ ዛሬ ይለይለታል። ታሪኩን ዛሬ ለምትጀምሩት ደግሞ ብዙ ያመለጣችሁ ነገር የለም። አንዲት ሴት፣ አንድ ወንድ፣ አንድ ቤትና ብዙ ቬሎ ነው።

ሴትየዋ ቬሎ አከራይ ናት። ሰፈሩ «ባለ ቬሎዋ» ይላታል። አንድ ልጅ ነበራት፤ አፉን ከፈታ ጀምሮ ሰው ማዘዝ ስለሚወድ «አለቃ» ትለው ነበር። አለቃን የደም ካንሰር ወሰደባት። አባቱ ሕመሙ ሲጠና ሻንጣውን አንስቶ ስለሄደ፣ ስለ እሱ ብዙ ቀለም አናባክንም። እሷ ግን ሰው እንደጠበቀው መጋረጃዋን ዘግታ አልተቀመጠችም። ከሩቅ ልጅ ይዘው የሚመጡ እናቶች በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሲያድሩ ታይ ነበርና፣ ከጥቂት እናቶች ጋር ማኅበር አቋቁማ በሆስፒታሉ አቅራቢያ አንድ ቤት ተከራየች። ልጆቹ ከአንዱ ሕክምና እስከ ሌላው የሚያርፉበት ቤት ነው። «አልቅሺ እንጂ፣ ይወጣልሻል» ሲሏት «ሥራ አለብኝ» ትላለች።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። ሠርግ ቀረ። ማኅበሩ ገንዘብ የሚያሰባስብበት ዓመታዊ ሩጫም ተከለከለ። ቬሎዎቹ እንደተንጠለጠሉ ሙሽራ ሲጠብቁ ከረሙ። በዚያው ሰሞን ሰፈሩ ማረፊያ ቤቱ ላይ ዓይኑን ጣለ። ልጆቹ ማስክ የሚያደርጉት ሌላው ሰው ማስክ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ጀምሮ ነው፤ መድኃኒቱ አቅማቸውን ስለሚያዳክመው ተራ ጉንፋን እንኳ ይጥላቸዋል። ጸጉራቸውንም ያረገፈው ያው መድኃኒት ነው። ሰፈርተኛው ግን ራሱ ማስክ ባጠለቀ ማግስት፣ «እነዚህ ቀድመው ያደረጉት ቀድሞ ቢይዛቸው ነው» ብሎ ደመደመ። ሥራ የፈታ ሰው በመስኮት ሲያይ ከዋለ የማይደርስበት ድምዳሜ የለም።

ቅሬታው ለቤቱ ባለቤት ደረሰ። ባለቤቷ ተከራዩ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብዙ ቤትና አንድ ወንድ ልጅ ያላቸው ሴት ናቸው። ቤቱ በወሩ መጨረሻ ይለቀቅ ብለው ወረቀቱን በልጃቸው እጅ ላኩት። ልጃቸው የጥርስ ሐኪም ነው። ሰው አፉን መክፈት በፈራበት ዘመን ከጥርስ ሐኪም የባሰ ሥራ ፈት የለምና፣ መላላኩን አልጠላውም።

ሱቁ ሲደርስ ባለ ቬሎዋ መቀሷን ይዛ አንድ የሳቲን ቬሎ ጅራት ላይ ተንበርክካ ነበር።

«ልትቆርጪው ነው?» አለ፣ የመጣበትን ረስቶ።

«ሠርግ የለም፤ ማስክ ግን ይፈለጋል። የዚህ ጅራት ብቻውን አንድ ሰፈር ያለብሳል። ሽያጩ ደግሞ የልጆቹን ቤት ያቆማል።»

በዚያችው ቅጽበት የእሱ ማስክ ላስቲክ ተበጠሰ። አፉን በእጁ ሸፍኖ እንደ ሌባ ቆመ። እሷም ጠርዙ ላይ ዳንቴል የቀረበትን አንድ ማስክ በመቀሷ ጫፍ አንጠልጥላ ከሩቅ አቀበለችው። ዳንቴሉ ጆሮው ሥር ሲንጠለጠል ስታይ ዓይኗ ሳቀ። ዓይኗ ብቻ ነበር የሚታየው፤ ያም ለእሱ ከበቂ በላይ ሆነ። የመልቀቂያውን ወረቀት ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ተመለሰ። በማግስቱ መጣ። ከዚያም ሳይመጣ የቀረበት ቀን አልነበረም። በሩ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ላስቲክ ሲቆርጥላት ይውላል።

«እኔ ሰው የማውቀው በጥርሱ ነው» አላት አንድ ቀን። «ያንቺን ግን ሳላይ ወደድኩሽ። ለሙያዬ ውርደት ነው።»

«ብታይ ትሸሻለህ። የፊተኛዋ ግማሽ ናት።»

«በነፃ እሠራልሻለሁ!»

ፊቷን አዙራ ስፌቷን ቀጠለች። በምን እንዳስቀየማት አላወቀም። ከመጋረጃው ጀርባ ለብቻዋ ስለተሰቀለችው ቬሎ ሲጠይቃትም «እሷ አትከራይም፣ አትቆረጥምም» ብላ አፉን አስያዘችው። እንዲህ ሲሉ ከርመው ነው እንግዲህ አንድ እሑድ የቀረው። ስልክ አያነሳም፤ በር አይከፍትም። ባለፈው ሳምንት የተለያየነው እሷ በርጩማዋን ከበሩ አንስታ፣ እንደገና ወደ ቦታዋ ስትመልሳት ነው።

* * *

ዛሬ ጠዋት የመንታዎቹ እናት እየሮጠች ሱቁ ገባች። ከመንታዎቿ አንደኛው ማረፊያ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ሌላው አያቱ ጋ ነው። ለቅርቡ በአካል፣ ለሩቁ በስልክ ስለምታወራ አፏ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

«ስሚ! ቁጭ በይ። አይ፣ አትቀመጪ፤ ይልቅ የሆነ ነገር ያዢ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ቤቱን ተውልን! እትዬ! ኪራይ አልፈልግም፣ ልጆቹ እስኪድኑ ይኑሩ አሉ። በገዛ አፋቸው! የትናንትናዋ እትዬ፣ ቧንቧ ሲያፈስ 'ታጥባችሁ ልትጨርሱት ነው' ያሉን እትዬ!»

ባለ ቬሎዋ መቀሱን አስቀመጠች። እትዬ ቤቱን ልቀቁ ማለታቸውን በእናቶቹ በኩል ከሰማች ጀምሮ እንቅልፏን አጥታለች። ቤቱ ከተዘጋ ልጆቹ ወደየመጡበት ይመለሳሉ፤ መንገዱ ተዘግቷል፤ ሕክምናው ይቋረጣል። ሕክምናው የተቋረጠበት ልጅ ምን እንደሚሆን ለእሷ ማስረዳት አያስፈልግም። ለመጪው እሑድም ልጆቹ እንዳይበተኑ የዓመቱን ኪራይ በአንዴ ከፍላ የእትዬን አፍ የምታስይዝበት የገንዘብ ማሰባሰቢያ ስታሰላ ነበር። አሁን እንዲህ በቀላሉ?

«ሄጄ አመስግናቸዋለሁ» አለች።

«አመስግኚያቸው። ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ቶሎ በይ።»

እትዬ ከላይ በረንዳቸው ላይ ናቸው። በአንድ እጃቸው የአልኮል መርጫ ይዘዋል፤ ወንበሩን፣ የበሩን እጀታ፣ የአበባውን ማስቀመጫ ሳይቀር ይረጫሉ። ባለ ቬሎዋ ግቢው ውስጥ ቆማ አንገቷን አቅንታ አመሰገነቻቸው።

«ምስጋናውን ለልጄ አድርጊው» አሉ እትዬ። «የከፈለው እሱ ነው።»

«ምን ከፈለ?»

«እሱ ካንቺ ሱቅ እግሩን አነሳ፤ እኔ ከቤቱ እጄን አነሳሁ። አልነገረሽም እንዴ?»

 በርጩማዋ ትዝ አለቻት። ስትረግመው የሰነበተችው፣ ስታለቅስለትም የሰነበተችው (ሥራ አለብኝ እያለች) ሁሉ አንድ ላይ ተመለሰባት።

«የምጠላሽ እንዳይመስልሽ» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው። «ፈት ሆንሽ፣ የሱቅ ሴት ሆንሽ፣ ይሁን። ግን አንቺ ቤት ሐዘን አለ። ልጄ ሳቂታ ነው። ሐዘን ውስጥ ገብቶ እንዲኖር አልፈልግም። እናት ነሽ፣ ይገባሻል።»

«እኔስ ሳቂታ አልነበርኩም ብለው ነው?»

እትዬ መርጫውን አወረዱ።

«መልሱን አሁን አልሰጥዎትም» አለች ባለ ቬሎዋ። «የቤቱ ጉዳይ የእናቶቹ ነው፤ እነሱን ሳልጠይቅ በእነሱ ላይ አልወስንም። እኔ እንደዚያ አልተማርኩም። ልጅዎን ግን አሁን ሄጄ አነጋግረዋለሁ፤ ለዚያ የማንም ፈቃድ አያስፈልገኝም።»

ከግቢው ስትወጣ ደስ ይበላት ወይ ይክፋት አላወቀችም። አልጠላትም ለካ። አልጠላትም፤ ግን ሸጧታል። ሁለቱን በአንድ ሆድ መያዝ ከበዳት።

* * *

ክሊኒኩ ጭር ብሏል። የሕሙማኑ ወንበር ላስቲክ ተጠቅልሎበት መሐል ላይ ተዘርግቷል። የጥርስ ሐኪሙ በመስኮቱ በኩል መንገዱን እያየ ነበር፤ የሱቋን ጣሪያ ከዚያ ማየት እንደሚቻል ገብታ እስክታየው አታውቅም ነበር። ያቺን ዳንቴል ያላትን ማስክ አድርጓል። ሲያያት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«በሰላም ነው?»

«በሰላም አይደለም። እናትህ ጋ ነበርኩ።»

ዓይኑን ሰበረ። ማስክ ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ዓይን የሰበረን ሰው ግን አይሸፍንም።

«ልጆቹ ናቸው ያሳሰቡኝ» አለ በመጨረሻ። «ቤቱን ቢያጡ የሚሆነውን አንቺ ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። አንቺን ባጣ የምጎዳው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ…»

«አንተ ብቻ? እኔስ? እኔ እዚህ ስምምነት ውስጥ የት ነው ያለሁት?»

«ያልነገርኩሽ እንዳትጎጂ ብዬ ነው።»

ይህን ባይል ይሻለው ነበር። የባለ ቬሎዋ ፊት ከማስኩ በላይ ያለው ሁሉ ተለወጠ።

«ይቺን ቃል አውቃታለሁ» አለች፣ ቀስ ብላ። «አለቃ ሲታመም ውጤቱ መጀመሪያ የተነገረው ለአባቱ ነው። እሱ ለእናቱ ነገረ፣ እናቱ ለእህቶቹ። ቁጭ ብለው ተማከሩና ከእኔ ደበቁት። እንዳትጎዳ ብለው። አንድ ሳምንት ሙሉ። በዚያ ሳምንት ልጄ ጠዋት አልነሳም ይለኛል። ብርድ ልብሱን እገፈዋለሁ። 'ተነሣ አንተ ሰነፍ፣ ትምህርት ቤት ይረፍድብሃል' እለዋለሁ። 'እግሬ እምቢ አለኝ እኮ እማ' ይለኛል። እኔ እቆጣለሁ። ዙሪያዬን ያለው ሰው ሁሉ እያወቀ፣ ልጄን ስቆጣው ቆሞ ያየኛል። ባውቅ ኖሮ አዝዬው አልዞርም ነበር? ያቺን ሳምንት ማን ይመልስልኛል?»

የጥርስ ሐኪሙ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተራመደና ቆመ። መቅረብ የተከለከለበት ዘመን ነው፤ ደግሞም እንዲቀርብ የፈቀደለት የለም።

«ፈርተህ ብትሸሽ ይቅር እልህ ነበር» አለች። «ፈሪ አይቻለሁ፤ አግብቼም ነበር። አንተ ግን አዝነህልኝ ነው የሸጥከኝ። ሁለተኛ የሚያዝንልኝ ሰው አልፈልግም። የሚጠይቀኝ ሰው ነው የምፈልገው።»

«ምን ብዬ ልጠይቅሽ?»

«እሱንም እኔ ልንገርህ?»

በሩን እንኳ አልወረወረችውም፤ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ይህ የበለጠ አመመው። እዚያው ላስቲክ በተጠቀለለው ወንበር ላይ ቁጭ አለ፤ ሕሙማን በሚቀመጡበት ላይ። ከስንት ዓመት ሥራ በኋላ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ጣሪያውን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። የታመመ ሰው ሳያማክሩት ሲወስኑበት ምን እንደሚሰማው ትንሽ ገባው።

* * *

ማረፊያ ቤቱ ግቢ ውስጥ እናቶቹ ተራርቀው ቆሙ። ባለ ቬሎዋ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ የራሷን ልብ ጉዳይ ጭምር። መልሳቸው ያስፈራት ነበር፤ የሚጣለው የእሷ ፍቅር ነው፣ አደጋ ላይ የሚወድቀው ግን የእነሱ ልጆች ናቸው።

«እኔ እውነቱን ልናገር» አለች በዕድሜ ከሁሉም የምትበልጠው። «ቤት ቤት ነው። ልጄ ገና መድኃኒቱን አልጨረሰም። ይህን እድል እምቢ ማለት ይከብደኛል።»

«እውነትሽን ነው» አለች ባለ ቬሎዋ። «ተቀበሉት ካላችሁኝ አንድ ቃል አልናገርም። የእኔን እኔ እችለዋለሁ።»

የመንታዎቹ እናት ነበረች ወገቧን የያዘችው። «ዛሬ አንድ ሰው ከፍለን ተቀመጥን እንበል። ነገ ሴትየዋ ሲከፋቸው ምን ልንከፍላቸው ነው? በሰው ትዕግሥት ላይ ልጅ አይታከምም! እኛ ተከራይ ነን። ተከራይ ከፍሎ ይኖራል፣ ደረሰኙን ይቀበላል፣ ቧንቧ ሲያፈስም ይጮኻል። እኔ መጮህ እፈልጋለሁ።»

ትልቋ ሴትዮ ማስኳን አስተካከለች። «ከእሑድ ገንዘብ ካልተገኘስ?»

«ካልተገኘ ሰኞ እኔው ራሴ ሄጄ በእትዬ እግር ሥር እወድቃለሁ» አለች ባለ ቬሎዋ። «ለልጆቹ ስል እወድቃለሁ። እሑድ ግን ቆመን እንሞክር።»

ትልቋ ሴትዮ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። አንድ በአንድ ሁሉም ነቀነቁ።

«ግን ልመና አልወድም» አለች ባለ ቬሎዋ። «የሚያለቅስ ልጅ ፎቶ አንለጥፍም። ሰፈሩ በመስኮት ማየት ይወዳል አይደል? እንግዲያው የሚያየው ነገር እንስጠው።»

የምታስበው ሲገባቸው መጀመሪያ የሳቀችው የመንታዎቹ እናት ናት። «እኔ በሥራ ልብስ ፈርሜ ነው ያገባሁት፤ ቬሎ ለብሼ አላውቅም! ሰፋ ያለውን ለእኔ!»

* * *

እሑድ ጠዋት ከማረፊያ ቤቱ በር እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ባለው መንገድ ዳር እናቶች በቬሎ ቆሙ።

መሰብሰብ ክልክል ነው፤ ስለዚህ አልተሰበሰቡም፤ ተራርቀው ቆሙ። ጅራታቸው ለማስክ የተቆረጠባቸው ቬሎዎች ናቸው፤ አንዳንዱ ከጉልበት በታች ነው፣ አንዳንዱ እጅጌው የለም። ልጃቸው የታመመ፣ ልጃቸው የዳነ፣ ልጃቸው የሌለ፣ ሁሉም ነጭ በነጭ። እያንዳንዷ በአንድ እጇ ነጭ ማስኮች፣ በሌላው ሣጥን ይዛለች። አንድ ፖሊስ መጣና ግራ ተጋባ።

«ይህ ምንድን ነው? ሠርግ ነው?»

«ሙሽራው ከመጣ ይሆናል» አለች የመንታዎቹ እናት። «እስከዚያው ቆመናል። መቆም ተከልክሏል?»

መቆም አልተከለከለም። ፖሊሱ ርቀታቸውን በዓይኑ ለካ፤ ምንም እንከን አጣበት። ቢቸግረው ማስክ ገዝቶ ሄደ።

ባለ ቬሎዋ ገና ሱቅ ውስጥ ናት። ቬሎ ሁሉ ተከፋፍሎ አልቋል፤ የቀረችው ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ብቻ ናት። አለቃ እናቱ ስትሰፋ ከዚያች ቬሎ ሥር ገብቶ ነበር የሚጫወተው፤ ድንኳኑ ነበረች። ከሞተ በኋላ ልታጥባት ስታነሳት ገበሩ በሙሉ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሥሎበት አገኘችው፤ አውቶቡሶች፣ እግር ያላት ጸሐይ፣ አንድ ውሻ መሰል ነገር፤ መሐሉ ላይ ደግሞ እጇን ዘርግታ የምትስቅ አንዲት ትልቅ ሴት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለማንም አሳይታው አታውቅም። ለብቻዋ ስታለቅስበት የኖረችው ጓዳዋ ነበረች።

ሐዘን አለ አሉ እትዬ። አዎ አለ። ታዲያ ምን ይሁን? ሐዘኗ ጉድለት ነው የተባለ ያህል ለምን ከመጋረጃ ጀርባ ታስቀምጠዋለች? ቬሎዋን አወረደቻት። ገለበጠቻትና ገበሩን ወደ ውጭ አድርጋ ለበሰቻት።

ወደ መንገዱ ስትወጣ የእናቶቹ ወሬ ቀጥ አለ። አውቶቡሶቹ በወገቧ ዙሪያ ይሄዳሉ፣ ጸሐይዋ ትከሻዋ ላይ ናት። ትልቋ ሴትዮ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችላት። መጀመሪያ አንድ መስኮት ተከፈተ፤ ቀጥሎ ሌላ። ከመስኮቶቹ ቅርጫት በገመድ ይወርድ ጀመር፤ ገንዘብ ይዞ ይወርዳል፤ ማስክ ይዞ ነው የሚመለሰው። መኪኖች ፍጥነታቸውን ቀንሰው መስታወት ያወርዳሉ። ያው ሰፈር ነው፣ ያው መስኮት። ባለ ቬሎዋ አገጯን ቀና አድርጋ ቆመች፤ ልቧ ግን ሣጥኑን ሳይሆን መንገዱን ያይ ነበር።

አንድ ጥቁር መኪና መጥቶ ከፊቷ ቆመ። መስታወቱ ጣት የሚያስገባ ያህል ዝቅ አለ። እትዬ ናቸው።

«ቬሎ ተገልብጦ አይለበስም» አሉ።

«ይለበሳል፤ ይኸው ለብሼዋለሁ።»

እትዬ ሥዕሎቹን አዩ። ዓይናቸው ከአውቶቡሶቹ ወደ ጸሐይዋ ሄደ፣ መሐል ላይ ያለችው ሴት ላይ ሲደርስ ቆየ። መስታወቱ ትንሽ ተጨማሪ ወረደ።

«ማን ነው የሣለው?»

«ልጄ።»

እናት ናቸውና ሌላ አልጠየቁም። ጓንት ያደረገ እጃቸውን አውጥተው ማስክ ተቀበሉ፤ ሣጥኑ ውስጥም የጨመሩት ነገር ድምፅ አልነበረውም፣ የወረቀት ብር ነበር።

«የቤቱን ስጦታዎን ግን እናቶቹ አልተቀበሉትም» አለች ባለ ቬሎዋ። «አመሰግናለሁ ብለዋል። ኪራይ እንከፍላለን ብለዋል፤ የሙሉ ዓመት።»

እትዬ ወደ ተሰለፉት ነጫጭ ሴቶች አዩ፤ ወደ ቅርጫቶቹም። «ሰኞ ጠዋት እጠብቃለሁ» አሉ። «አታርፍዱ። ደረሰኝ አዘጋጃለሁ።» መስታወቱን ሊዘጉ ሲሉ ቆም አሉና፣ «ያ ልጄ ዛሬ ጠዋት የገባሁልሽን ቃል ትቻለሁ ብሎ ትቶኝ ወጣ። ቁርሱን እንኳ አልበላም። ከአንቺ ጋር ቢሆን ቁርስ ይበላ ይሆን?» አሉ።

«እሱን ራሱን ይጠይቁት፤ እኔ ስለ ሰው አልመልስም።»

መኪናው ሄደ። ከማስካቸው በላይ እትዬ ሊስቁ ነበር ወይስ ሊቆጡ፣ እኔም አላየሁም።

የጥርስ ሐኪሙ በእግሩ መጣ። ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቷ ሲደርስ ቆመ። አልተሻገረም። ለሦስት እናቶችና ለመስኮቱ ሁሉ ሊሰማ በሚችል ድምፅ ተናገረ።

«ለመጠየቅ ነው የመጣሁት!»

«ጠይቅ!»

«ተመለስኩ ብዬ አልወሰንኩም። ልመለስ ወይ?»

የመንታዎቹ እናት ጆሮዋን ስትጥል አንድ ደንበኛዋን የብሩን መልስ ሳትሰጥ ረሳችው። ባለ ቬሎዋ ያቺን ሳምንት አሰበች፤ ማንም አይመልሳትም። የሚመጡትን ሳምንቶች ግን ማንም ከእሷ ደብቆ አይወስድባትም። ይህን ሰው ትወደዋለች፤ ትወደዋለች፤ ደግሞም ጠየቃት።

«ከሆስፒታሉ በር አጠገብ ክፍት ቦታ አለ» አለች። «እናት አነሰን። ማስክ ይዘህ ትቆማለህ?»

«ቬሎ አይሆነኝም።»

«ይሆንሃል!» አለች የመንታዎቹ እናትና የራሷን ዓይነ ርግብ ከራሷ ገፍፋ ወረወረችለት። እሱም ትከሻው ላይ ጣለው። መስኮቶቹ ሳቁ።

ሊሄድ ዞር ሲል ግን ዓይኑ ቬሎዋ መሐል ላይ ባለችው ሴት ላይ አረፈ። ሐኪም ነውና መጀመሪያ የሚያየው ጥርስ ነው። አለቃ የእናቱን ጥርስ ትላልቅ አድርጎ፣ አንድ በአንድ ቆጥሮ ነበር የሣላቸው። የፊተኛዋ ግማሽ ናት።

ሐኪሙ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

ባለ ቬሎዋ ዙሪያዋን አየች። ሁሉም ሩቅ ነው። ማስኳን ወደ አገጯ ዝቅ አደረገችው፤ ከስንት ወር በኋላ ፊቷን አየር ነካው።

«እሱ ነው የሰበራት!» ብላ ጮኸች። «ስንላፋ፣ በግንባሩ! አልቅሼ ነበር፤ እሱ ሳቀብኝ። አትሠራም! ለዘላለሙ አትነካም! ሰምተሃል?»

የጥርስ ሐኪሙ ማስኩን አወረደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ፊቱን አየችው፤ እንባው እስከ አገጩ ወርዷል፣ አፉ ግን እየሳቀ ነበር።

«ማንም አይነካትም!» ብሎ መለሰላት። «እኔም ጭምር!»

ያኔ ሳቀች፤ አፏን ሞልታ፣ ጥርሷን አሳይታ፣ በልጇ ጸሐይ ሥር። ሰፈሩ ሁሉ በመስኮት አያት። ይያት። ከዚያ ማስኳን መልሳ አጠለቀችና እጇን ወደ መንገዱ ዘረጋች።

«መኪና መጣ! ምን ቆመሃል? ማስኩን ከፍ አድርገህ ያዝ!»